የማን ታሪክ ነው?
«ድፍረት» የተባለውን ፊልምና የተሰጠውን ሂስ ምክንያት በማድረግ የቀረበ ሐተታ

አንድ ፊልም «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው? አሠራሩ አማረ ማለታችን ነውን? ወይስ ያስተላለፈው ትምህርት ጠቃሚ ነው ማለታችን? ወይስ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ፣ ልንጠይቀው የሚገባን፣ ብዙ ጊዜ ግን የምንዘነጋው ሦስተኛ ጥያቄ አለ? ይህን ጉዳይ ዛሬ የምናነሣው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። እኛ በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ከሰቆጣ እስከ ፃግብጂ የምንኖር ሰዎች፣ በየቤታችን ያሉትን ልጃገረዶች የሚመለከት ነገር ስለሆነብን ነው።

ከትምህርት ቤት በራቀ መንደር የምትኖር የፃግብጂ ልጅ ማለዳ ተነሥታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ደብተሯን ይዛ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ ስትመለስ ደግሞ ያንኑ ዳገት ትወጣለች። መንገዱ ለእርሷ ሁለት ነገር ነው፤ ወደ ዕውቀት የሚያደርሳት መንገድ ነው፤ ብቻዋን የምትሆንበትም መንገድ ነው። እናት አመሻሹ ላይ ደጅ ወጥታ ቁልቁል የምትመለከተው ስለዚህ ነው። እንዲህ ስላለች ልጅና እንዲህ ስላለ መንገድ የተሠራ የአገራችን ፊልም አለ። ስሙም «ድፍረት» ይባላል።

ፊልሙና እውነተኛው ታሪክ

«ድፍረት»ን ጽፎ ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ከትልልቅ የፊልም ኩባንያዎች ውጭ፣ ለረጅም ዓመታት በተደረገ ጥረት፣ በአማርኛ ቋንቋ የተሠራ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከአዲስ አበባ ጥቂት ሰዓት በሚያስኬድ የገጠር መንደር ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ወደ አምስተኛ ክፍል መዛወሯን ከመምህሯ ሰምታ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በፈረስ የመጡ ወንዶች ይከቧትና ይጠልፏታል። ጠላፊው ሚስቱ ሊያደርጋት አስቦ ደብድቦ ይደፍራታል። እርሷም አጋጣሚ አግኝታ ጠመንጃውን ይዛ ታመልጣለች፤ ተከትለው ሲደርሱባትም ተኩሳ ትገድለዋለች። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ይመክራሉ፤ ፖሊስ በመዝገቡ ያስራታል፤ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ጠበቃ ደግሞ ልጅቷ የገደለችው ራሷን ስትከላከል ነው ብላ ትከራከርላታለች። የልጅቷን ቦታ ትዝታ ሀገሬ፣ የጠበቃዋን ቦታ ሜሮን ጌትነት ተጫውተውታል።

ይህ ከባዶ የተፈጠረ ልብ ወለድ አይደለም። ጉዳዩ በአርሲ የደረሰ ነው። ጠበቃዋ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ተሟግቷል፤ ፍርድ ቤቱም ልጅቷን በነጻ አሰናብቷታል። ወ/ሮ መዓዛ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል። የልጅቷ ስምም በአገር ውስጥና በውጭ በይፋ ተነግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ስለ እርሷ ዘጋቢ ፊልም ቀርቦ ነበር። እኛ ግን በዚህ ገጽ ላይ ስሟን አንጽፈውም። ምክንያቱን አንባቢ ወደ ኋላ ይረዳልናል።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የዘመኑን ሕግ ማስታወስ ያሻል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ቢልም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ከክስ የሚድንበትን በር ከፍቶ ነበር። ጋብቻው ወንጀሉን ይሸፍነዋል ማለት ነው። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ፣ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት እንደማያድነው ደነገገ። ይህ ሁሉ በአንዲት ልጅ ጉዳይ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የብዙ ሴቶች የብዙ ዓመታት ድካም አለበት። ይሁን እንጂ የዚያች ልጅ ክርክር ብዙ ሰው እንዲነቃ ማድረጉን ማንም አይክድም።

ሐያስያን ምን አሉ?

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በጥር 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ ድራማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በቀጣዩ ወር በበርሊን ፌስቲቫል፣ ፓኖራማ በተባለው ክፍል፣ ዳግመኛ የተመልካቾች ሽልማት ተሰጠው። ታዋቂዋ ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ ሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰር ሆና ስሟን ሰጠችው። ለኦስካር ሽልማትም በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኢትዮጵያን ወክሎ ቀረበ፤ ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ውስጥ ግን አልገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሁለቱም ሽልማቶች የተመልካቾች ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየው ሰው ልቡ ተነክቶ የሰጠው ድምፅ ነው። የሐያስያን ሚዛን ግን ወደ ሁለት ወገን አዘነበለ። አንደኛው ወገን የፊልሙን ቁም ነገር፣ የተዋናዮቹን ጨዋነትና ደፈራውን በዝርዝር ከማሳየት መቆጠቡን አመሰገነ። ሌላው ወገን ደግሞ ዓላማው ጥበቡን ተጭኖታል፤ ሰዎቹ እንደ ሰው ከመነጋገር ይልቅ ትምህርት እንደሚሰጡ ሆነው ይናገራሉ፤ ሕጉን ለማስረዳት ሲባል የልጅቷ ውስጣዊ ሕይወት ተዘንግቷል ሲል ነቀፈ። በአጭሩ፣ አንዱ «ጠቃሚ ነው» አለ፤ ሌላው «በበቂ አልተሠራም» አለ። ሁለቱም ከላይ ባነሣናቸው በሁለቱ ጥያቄዎች ክልል ውስጥ ቆመው ነበር።

ሦስተኛውን ጥያቄ ያመጣው ሐያሲ አልነበረም። ያመጣችው ባለታሪኳ ነበረች።

የቆመው ማሳያ

በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እዚህ በሰቆጣ የሻደይ ጨዋታ አልፎ ጥቂት ቀናት እንደ ሆነው፣ ፊልሙ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ፣ ማሳያው ሊጀመር ሲል የፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ደረሰ። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ማሳያው መታገዱን ለእንግዶቹ ለመናገር ተገደደ። አቤቱታውም ፊልሙ የተመሠረተበት ሕይወት የእኔ ሆኖ ሳለ አልተጠየቅሁም የሚል ነበር። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ በአገር ውስጥ ታየ።

በዚህ ክርክር ማን ምን ያህል ትክክል እንደ ነበረ ለመፍረድ አንነሣም፤ የሁለቱን ወገን ቃል በችሎት አልሰማንም። ፊልም ሠሪዎቹ የልጅቷን ስም ለውጠዋል፤ ይህም እርሷን ከመጠበቅ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ሐሳባቸውም ለብዙ ሺህ ልጃገረዶች መከታ መሆን እንደ ነበር ፊልሙ ራሱ ይመሰክራል። እኛን ያሳሰበን ከዚህ ከተለየው ክርክር አልፎ የሚሄደው ጥያቄ ነው፤ ለመልካም ዓላማ ሲባል የአንድን ሰው መከራ ያለ ፈቃዱ መናገር ይገባልን?

የፊልሙ ስም ራሱ ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞታል። «ድፍረት» በቋንቋችን ጀግንነት ነው፤ ፈሪ ያልሆነ ሰው ደፋር ይባላል። «መደፈር» ግን በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመው ክፉ ግፍ ነው። ሦስተኛም ትርጉም አለው፤ የእርሱ ባልሆነው ነገር ሳይፈቀድለት እጁን የሚሰነዝር ሰው «ደፈረ» ይባላል፤ በጸሎታችንም በድፍረት የሠራነውን ኃጢአት ይቅር እንዲለን እግዚአብሔርን እንለምናለን። ሐያስያኑ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ትርጉም በሚገባ አይተውታል። የእግዱ ትእዛዝ ደግሞ ሦስተኛውን አስታወሰን።

«ታሪክ የሕዝብ ነው» ለሚሉ

በዚህ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ ክርክሩ በአደባባይ የተካሄደ ነው፤ በችሎት የተነገረ ነገር የሕዝብ ነው፤ ማንም ሊጽፈው፣ ሊያሳየው ይችላል። እያንዳንዱ ጸሐፊ የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ ይጠይቅ ቢባል የታሪክ መጽሐፍ ባልተጻፈ፣ ግፈኛም ባልተጋለጠ ነበር። ይህ እውነት አለው። ግፍ ሠሪው «ስሜን አታንሡ» ቢል ልንሰማው አይገባም። ነገር ግን ግፍ የሠራና ግፍ የተፈጸመበት ሰው በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። ዳኛው የሰማው ነገር ለፍርድ ያህል የተነገረ ነው፤ ልጅቷ በችሎት ፊት የተናገረችው ነጻ ለመውጣት እንጂ ለመታየት አይደለም። ለፍትሕ የተሰጠ ቃል ለሌላ ነገር ሲውል ዳግመኛ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ፊልሙ ይጠቅማል፤ በአንድ መንደር የታየ እንደ ሆነ አንድ አባት ልጁን ከመዳር ይቆጠባል፤ አንዲት ልጅ መብት እንዳላት ታውቃለች። የአንዲት ሴት ቅሬታ ከብዙዎች ደኅንነት ጋር ቢመዘን የትኛው ያመዝናል? እኛ የምንመልሰው በራሱ በፊልሙ ነው። ፊልሙ የሚቃወመው ይህንኑ አስተሳሰብ አይደለምን? ጠላፊውም ፍጻሜው መልካም ነው ባይ ነበር፤ ጋብቻ ክቡር ነው፤ ቤት ይቆማል፤ ልጅ ይወለዳል፤ ጊዜ ሲያልፍ ቅሬታዋ ይረሳል ይላል። የቀድሞው ሕግ ራሱ የኋለኛው መልካም የፊተኛውን ክፉ ይሸፍነዋል ብሎ ነበር። ፊልም ሠሪን ከጠላፊ ጋር ማመሳሰላችን አይደለም፤ ይህ ግፍ ይሆንብናል፤ አንዱ ሕይወት ያጠፋል፣ ሌላው ሕይወት ለማዳን ይደክማል። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ፍጻሜው መልካም ስለሆነ ባለቤቷን መጠየቅ አያስፈልግም የሚለው አስተሳሰብ በማንኛውም ሰው አፍ ቢነገር ያው አንድ አስተሳሰብ ነው። ወደ በጎ ነገር የሚሄድ ሰውም በዚያው መንገድ ሊያልፍ አይገባውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ጥበብ ነው። ጥበብ በፈቃድ ወረቀት አትሠራም ይባላል። ግን ጥበብም በዚህ ሳትጎዳ አልቀረችም። እኛም ፊልሙን ስናይ ካንዳንዶቹ ሐያስያን ጋር የተስማማንበት ነገር አለ፤ ጠበቃዋን እናውቃታለን፤ ስትደክም፣ ስትቆጣ፣ ተስፋ ስትቆርጥ አብረናት ነን። ልጅቷን ግን በብዛት ከውጭ እናያታለን፤ ዝምታዋን እንጂ ሐሳቧን አናገኝም። ፊልሙ ታሪኩን በአብዛኛው የሚመለከተው በጠበቃዋ ዓይን ነው። እንግዲህ ሐያሲው የጥበብ ጉድለት ያለውና ባለታሪኳ «አልተጠየቅሁም» ያለችው ነገር ምናልባት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ያልተጠየቀ ሰው ውስጡ ሊታይ አይችልም። ፈጠራ የሆነ ታሪክ ከዚህ ዕዳ ነጻ ነው፤ ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ያሳየን ኤፍሬም የተባለው ሕፃንና በጉ የማንም ሰው ንብረት አልነበሩም። ፈጠራውን የሠራው ሰው በፈጠረው ሰው ልብ ውስጥ እንደ ልቡ ይመላለሳል። በሕይወት ያለን ሰው ታሪክ የያዘ ግን ሳያንኳኳ አይገባም።

ሽማግሌ የሚላከው ወደ ማን ነው?

ይህን ስንል ራሳችንን ንጹሕ አድርገን አይደለም። በእኛ አገር ጠለፋ እንደ ሌላው ቦታ የተለመደ አይደለም እንል ይሆናል። እኛ ሽማግሌ እንልካለን፤ በክብር እንጠይቃለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ማንን ነው? አባትን ነው። አባት አጎትን ያማክራል፤ እናት ትሰማለች፤ ጥሎሹ ይቆረጣል፤ ቀኑ ይወሰናል። ልጅቱ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ጠይቀናል እንላለን፤ መጠየቁንስ ጠይቀናል፤ ግን የጠየቅነው የራሷን የባለጉዳይዋን ቃል አይደለም። በክልላችንም ሆነ በአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ዕድሜያቸው እየተጨመረላቸው መዳራቸው ለማናችንም የተሰወረ አይደለም።

ስለዚህ ስለ አንድ ፊልም «ጠበቃዋ ተጠየቀች፤ ልጅቷስ?» ብለን ስንጠይቅ፣ ጥያቄው ተመልሶ ወደ ደጃችን ይመጣል። ስለ ታናሹ ሰው ትልቁን፣ ስለ ድኻው ባለሥልጣኑን፣ ስለ ሴቷ ወንዱን መጠየቅ የለመድነው ነገር ነው። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የሚነቀንቀው ሰው ክፉ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል፤ አጥሩ ግን ባለቤት ያለው መሆኑን ዘንግቷል።

በዓመት አንድ ጊዜ ሴቶች ልጆቻችን ራሳቸው የሚናገሩበት ቀን አለን። ነሐሴ 16 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ለምለሙን የሻደይ ቅጠል በወገባቸው አሥረው፣ ከበሯቸውን ይዘው አደባባይ ይወጣሉ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ ሆኖም ሊታዩ የወጡት እነርሱ ፈቅደው ነው፤ የሚዘፍኑትን የሚመርጡት እነርሱ ናቸው፤ ወዴት ደጅ እንደሚሄዱ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። በመታየትና በመታየት መካከል ያለውን ልዩነት ከሻደይ ልጆች ልንማር እንችላለን።

ይህች ደጋ ታውቀዋለች

ካሜራ ፊት መቆም ምን እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከዋግ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኮረም፣ ከዋግ ጭምር ተሰዶ የመጣ ረኀብተኛ ሕዝብ ሜዳ ላይ ወድቆ ሳለ፣ ኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢ.ቢ.ሲ. ዘጋቢው ማይክል በርክ ቀርጸው ለዓለም አሳዩት። ያ ሥዕል ዓለምን ቀሰቀሰ፤ እህል መጣ፤ ብዙ ነፍስ ዳነ። ለዚህ ምስጋና እንጂ ነቀፌታ የለንም። ነገር ግን በዚያ ሥዕል ውስጥ ያሉት ሰዎች ለዓለም ስም አልነበራቸውም፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት «ኢትዮጵያዊ» ሲባል ያ ፊት ብቻ የሚታሰብ ሆነ። የሚሞትን ሰው ፈቃድ ጠይቅ ማለት አይቻልም፤ በእሳት ፊት ሥርዓት አይጠበቅም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን መጠየቅ ይቻል ነበር።

በቅርቡም በሰሜኑ ጦርነት ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልለው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገብና ካሜራ የያዘ ብዙ ሰው ይመጣል፤ አብዛኛው ለመርዳት ነው። «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ ይጠይቃል። የተራበ ሰው እህል ከሚሰጠው ሰው ጋር ሲነጋገር «አልናገርም» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ እሺ ማለት ሁሉ ፈቃድ አይደለም። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አገር የፊልም ወሬ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

ሦስቱ የሚዛን ጥያቄዎች

ቤተ ክርስቲያን ስለ ፊልም መናገር የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ፊልም ብቻ የሆነ ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል። የዚያን ጊዜ ስጋት በይበልጥ ስለ ተመልካቹ ነበር፤ ክፉ ሥዕል የሚያየውን ሰው ልብ ያበላሻል የሚል ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር እናገኛለን፤ ዜና ሲነገር ብቻ ሳይሆን ሲሰበሰብም የሰው መብትና ክብር መጠበቅ አለበት ይላል። ይህ ስለ ተመልካቹ ብቻ ሳይሆን ስለሚታየውም ሰው የተነገረ ቃል ነው። የተባለው ስለ ዜና ቢሆንም፣ ከእውነተኛ ሰው ሕይወት ለተቀዳ ፊልምም የሚሠራ ይመስለናል።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ፊልምን ስንመዝን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። በሚገባ ተሠርቷልን? ይጠቅማልን? የተነገረለት ሰው አስቀድሞ ተጠይቋልን? ከሦስቱ አንዱ የሌላውን ዕዳ አይከፍልም። ጠቃሚ የሆነ ፊልም ጠቃሚ ስለሆነ ብቻ በሚገባ ተሠራ አይባልም፤ ይህን ሐያስያን በትክክል ነግረውናል። እንደዚሁም ጠቃሚ ስለሆነ ብቻ የሰውን ፈቃድ ከመጠየቅ ነጻ አይሆንም፤ ይህን ደግሞ የነገረችን ባለታሪኳ ናት። በአንጻሩም ሦስተኛው ጥያቄ ስለተነሣበት ብቻ ፊልሙ ጥቅም የለውም፣ አይታይ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። «ድፍረት» ሊታይ የሚገባው ፊልም ነው፤ ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ ቢያየው እንመኛለን። መልካምነቱን ሳንክድ ጥያቄውንም ሳንሸፍን ሁለቱን አብረን መያዝ እንችላለን። ፍርድ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው፤ አመስጋኝ ወይም ነቃፊ ብቻ መሆንማ ቀላል ነው።

ፈቃድ መጠየቅ ማለት ባለታሪኩ እያንዳንዱን ቃል ይዘዝ ማለት አይደለም። ጸሐፊ የራሱ ኅሊናና የራሱ ዓይን አለው። መጠየቅ ማለት ሰውየውን ከነገሩ ውስጥ እንደ ዕቃ አንሥቶ ከመውሰድ ይልቅ፣ በፊቱ ቆሞ «ይህን ልናገር አስቤአለሁ፤ አንተ ምን ትላለህ?» ማለት ነው። እምቢ ቢል፣ ቢያንስ እምቢታውን ሰምተን፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን፤ ዝርዝሩን እንለውጣለን፤ ወይም እንተወዋለን። የልጅቷን ስም በዚህ ገጽ ላይ ያልጻፍነው ስለዚህ ነው። ስሟን በመጻፍ ሐተታችን ምንም አይጨመርለትም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ይህ ለፊልም ሠሪዎች ብቻ የተነገረ አይደለም። ዛሬ የእጅ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ካሜራ ይዟል። በለቅሶ ቤት የምታለቅስን እናት፣ በእርዳታ ሰልፍ የቆመችን ሴት፣ በሠርጓ ቀን አንገቷን የደፋችን ልጅ ቀርጸን ለማያውቋት ሰዎች እንልካለን። የወጣት ማኅበሮቻችንም በየበዓሉ ትምህርታዊ ድራማ ሲያዘጋጁ፣ የጎረቤትን ገበና ስሙን ብቻ ለውጠው መድረክ ላይ ያወጣሉ፤ መንደሩ ሁሉ ግን ማን እንደ ሆነ ያውቃል። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። በኋለኛው ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው ልጅ ግን አታጨበጭብም። ከማጨብጨባችን በፊት ወደ እርሷ ዞር ብለን ማየት ይገባናል።

የፃግብጂዋ ልጅ ነገም ደብተሯን ይዛ ያንን ቁልቁለት ትወርዳለች። መንገዱ ለእርሷ ሰላም ይሆን ዘንድ ሕግም፣ ፊልምም፣ ሽማግሌም፣ ካህንም ሊደክምላት ይገባል። ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ ልናደርግላት የምንችለው፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ነገር አለ። ስለ እርሷ ከመናገራችን በፊት እርሷን እንጠይቃት፤ ስትመልስም እንስማት።